«ምንም አይደለም» ያልኳት ደወል

እናቴ ለነፍስ አባቷ የተናገረችውን ሰምቻለሁ። በር ላይ አድፍጬ አይደለም፤ በአጋጣሚ ከጎን ካለው ክፍል ሆኜም አይደለም። ራሴ ገዝቼ ሳሎኗ ውስጥ ባስቀመጥኩት ዕቃ፣ ከሌላ ከተማ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው የሰማሁት። ሁሉን አልሰማሁም። ይህን የምለው ጥፋቱን ለማሳነስ ከመሰለ ግን አይቆጠርልኝ፤ ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ነበረኝና።

እናቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አረጋውያን በሚኖሩበት ሕንፃ ነው። እኔ ባልቲሞር ነኝ። መንገዱ ካልተዘጋጋ ከአንድ ሰዓት በታች ይፈጃል፤ ስለዚህ በርቀት ላመካኝ አልችልም። አባቴ ካረፈ በኋላ ብቻዋን ቀረች። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ወደቀችና፣ ስልኳ ሳሎን ስለነበረ፣ ጎረቤት እስኪሰማት ድረስ ወለሉ ላይ ቆየች። በድምፅ የሚታዘዘውን ስፒከር የገዛሁላት ከዚያ በኋላ ነው። አማዞን አሌክሳን እ.ኤ.አ. በ2014 ካወጣ ወዲህ ይህን መሰሉ ዕቃ ብዙ ቤት ገብቷል። በእኛም ዘንድ ልጆች ብቻቸውን ለሚኖሩ ወላጆቻቸው ይዘው የሚሄዱት ስጦታ ሆኗል።

የገዛሁላት ዕቃ አማርኛ አይችልም። እናቴ ግን ስልኳን በአማርኛ ማናገር ለምዳ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ ፍለጋው ውስጥ ካስገባ በኋላ፣ ማይክሮፎኑን እንዴት እንደምትነካ አሳየኋት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ቃል በቃል እየለየች «የቅዱስ ሚካኤል መዝሙር» ትላለች። ፊደሉ ተጽፎ ሲመጣላት «ሰማኝ እኮ!» ብላ ወደ እኔ ትዞራለች። ዐይኗ ደክሞ መጻፍ ለተወች ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ዛሬም ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

ስፒከሩን ሳመጣላት ታዲያ «እንደ ስልክሽ ነው» አልኳት። ግማሹ እውነት ነበር። ስልኩ የሚሰማት እሷ ስትነካው ነው፤ ይህ ግን ስሙ እስኪጠራ ድረስ ሁልጊዜ እያዳመጠ ይጠብቃል። ከዚያም በላይ፣ እኔ ስልኬ ላይ ያለውን አፕ ከፍቼ አንዲት ቦታ ስነካ፣ እሷ ምንም ሳታነሳ መስመሩ ይከፈትና ሳሎኗ ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ይህን አልነገርኳትም።

መስመሩ ሲከፈት ዕቃው አጭር ደወል ያሰማል፤ ዙሪያው አረንጓዴ ይበራል። የተሠራው እንዲያ ነው፤ ሰው ሳያውቅ እንዳይሰማ። ያንን ጥበቃ ያፈረሰው ማሽኑ አይደለም። አንድ ማታ ስደውልላት «ይቺ ዕቃህ ደግሞ እየቆየች ትጮኻለች፤ ምን ሆና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም አይደለም እማዬ፤ እንዲሁ ነው የምትጮኸው» አልኳት። ዕቃውን በራሷ ቋንቋ ልትጠይቀው አትችልም፤ መመሪያውን ልታነበው አትችልም። ስለዚያ ነገር የምታውቀው እኔ የነገርኳትን ብቻ ነበር። እኔም ይህን አውቅ ነበር።

ለምን ዋሸሁ? እንዳትሸበር ነው ብዬ ነበር፤ ለራሴም፣ ለእህቴም። ውሸት ነው ለማለት አልችልም፤ የወደቀችበት ቀን አሁንም እንቅልፍ ይነሣኛል። ግን ፍርሃቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ አስረድቼ አስፈቅዳት ነበር። ያላስፈቀድኳት እንቢ ትለኛለች ብዬ ነው። ከዚህም በታች ሌላ ነገር አለ፤ ለመናገር የዘገየሁትም እሱን ነው። ስልክ ስደውል እናቴ ታወራኛለች፤ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ሰፈሯ ሰዎች፤ መጨረሻ ላይ «መቼ ነው የምትመጣው?» ትላለች። መስመሩን ስከፍት ግን ማንም ምንም አይጠይቀኝም። የሲኒ ድምፅ እሰማለሁ፤ ነጠላ ጫማዋ ወለሉን ሲጠርግ እሰማለሁ፤ ደኅና ናት ብዬ እዘጋና ወደ ጉዳዬ እሄዳለሁ። ይህንንም እናትን መጠየቅ አድርጌ ቆጠርኩት። እየዋለ ሲያድር ጥሪዬ ቀነሰ፤ እሷም ሥራ በዝቶበት ነው እያለች ለዘመድ ስትነግርልኝ ሰምቻለሁ። እሱንም የሰማሁት በዚያው ዕቃ ነው።

ስለዚህ ነገር የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። እ.ኤ.አ. በ2019 የአማዞን፣ የጉግልና የአፕል በድምፅ የሚታዘዙ ዕቃዎች ከሚቀዱት የተወሰነውን ሰዎች ቁጭ ብለው እንደሚያዳምጡት በጋዜጦች ሲወጣ፣ ከተናደዱት አንዱ ነበርኩ። አፕል በዚያው ዓመት ይቅርታ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ አማዞን የልጆችን ድምፅ ከሚገባው በላይ አስቀምጧል ተብሎ በአሜሪካ መንግሥት ሲከሰስ 25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ያን ዜና ቡና ላይ አንስቼ ለጓደኞቼ በቁጣ ያስረዳሁት፣ በእናቴ ቤት ማዳመጤን ሳላቆም ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ አላሰብኳቸውም። ሌሎቹ የማያውቁትን ሰው ለደመወዝ ሰሙ፤ እኔ ግን የማውቃትን፣ የምታምነኝን ነው የሰማሁት። የኔ ይቀላል የሚያሰኝ ምክንያት እስካሁን አላገኘሁም።

ለነፍስ አባቷ የተናገረችውን የሰማሁበት ቀን በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ደወልኩላት፤ አላነሳችም። ደግሜ ደወልኩ። ሥጋቴ ያን ቀን እውነተኛ ነበር፤ ሥራ ቦታዬ አጠገብ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ መስመሩን ከፈትኩት። ከእሷ ድምፅ በፊት የሰማሁት የነፍስ አባቷን ነው። ደወሉ አስደንግጧቸው «ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«ምንም አይደለም አባ» አለች እናቴ። «ልጄ ያመጣልኝ ዕቃ ነው፤ እንዲሁ ነው የምትጮኸው።»

በእኔ ቃል ነው የመለሰችላቸው። ጥፋቴን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስሰልላት መኖሬን አይደለም፤ እሱንስ ስም አልሰጠሁትም እንጂ አውቀው ነበር። ያወቅሁት ለእኔ ዋስ መቆሟን ነው። አባ ጠርጥረው ነበር፤ ጥርጣሬያቸውም ትክክል ነበር። ያን ትክክለኛ ጥርጣሬ እናቴ በእኔ አምና አጠፋችው፤ እሳቸውም በእሷ አምነው ተቀመጡ።

አውቄም አልዘጋሁም። ዝም ተባለ፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባቴ» ብላ ጀመረች። ምን እንደጀመረች ገብቶኛል። ጣቴ የሚዘጋው ቦታ ላይ ነበር። ያቆየኝ ሥጋት አልነበረም፤ ደኅና መሆኗን አውቄያለሁ። ስሜን ታነሣ እንደሆነ ለመስማት ነበር የጠበቅሁት። አነሣችው። ክስ ይሁን ምርቃት እዚህ አልጽፍም፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከዚያ ዘጋሁ። ኅሊናዬ አስገድዶኝ ዘጋሁ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን የዘጋሁት የጠበቅሁትን ስላገኘሁ ነው።

በሜሪላንድ ሕግ፣ ተነጋጋሪዎቹ ሁሉ ሳይፈቅዱ የግል ንግግርን ሆን ብሎ በመሣሪያ መጥለፍ ወንጀል ነው። ይህን ኋላ አነበብኩት። ቀድሜ ባውቀው ያግደኝ ነበር ማለት ግን አልደፍርም፤ ንስሐ የሚሰማ ካህን ብቻ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ እሱም አላገደኝም።

በማግስቱ ያንን መስመር መክፈቻ ከሴቲንጉ አጠፋሁት። ማጥፋቴን መካስ አድርጌ ቆጥሬ ወራት አሳለፍኩ። ደወሉ ሲቀር እናቴ «ዕቃዋ ዝም አለች፤ ተበላሸች እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ተስተካከለች» አልኳት። ሌላ ውሸት።

የነገርኳት በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። ንግግሬን ከሩቅ ጀመርኩ፤ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ፣ መታጠቢያ ቤት የወደቀችበት ቀን እንዴት እንዳስፈራኝ። ሰምታኝ ሰምታኝ «አባ የመጡ ቀንም?» አለች።

«አዎ» አልኳት።

ምን ሰማህ አላለችኝም። እኔ ተዘጋጅቼ የመጣሁት ለዚያ ጥያቄ ነበር። «አባስ ያውቃሉ?» ነው ያለችኝ። እሳቸውን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኳቸውም ነበር። በእናቴ ላይ ያደረግሁትን ለወራት ሳገላብጥ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ሌላም ሰው እንደነበረ፣ እሳቸውም ማንም እንደማይሰማ አምነው እንደተቀመጡ ትዝ አላለኝም።

ሄጄ ነገርኳቸው። ለረዥም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ ቤት ለቤት ከሚሄዱባቸው አረጋውያን ዘንድ ይህ ዕቃ ስንቱ ጋ እንዳለ፣ ከውጭ ሆኖ የሚከፍተውስ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እኔ በማውቃቸው ቤቶች ሁሉ ዕቃውን ያስገቡት ልጆች ናቸው፤ ምን እንደሚሠራ ለወላጆቻቸው የነገሩትም፣ ነግረው ከሆነ፣ እነሱው ናቸው።

ዕቃውን ከእናቴ ቤት አንሥቻለሁ። አሁን አንገቷ ላይ የምታንጠለጥላት፣ ስትወድቅ ራሷ የምትጫናት ቁልፍ አለቻት፤ የመረጠችውም እሷ ናት። ስልኳን አሁንም በአማርኛ ታናግራለች። አባን ወደ ቤት መጥራት ግን ትታለች። ጉልበቷ ደረጃ ባይወድም፣ ንስሐዋን የምትገባው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄዳ ነው። ላድርስሽ ስላት አንዳንድ ጊዜ እሺ ትለኛለች፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከሰፈር ሴቶች ጋር እሄዳለሁ ትላለች።