ለእህቴ፣ የክትባቱን ገጽ ስትሠሪ

ውድ እህቴ፣

የመረጃ ዲዛይን መማር መጀመርሽን፣ የመጀመሪያ ሥራሽም እናቶች በስልክ የሚያነቡት የሕፃናት ክትባት ገጽ መሆኑን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ።

ስለ ቀለሙም ስለ ክፍት ቦታውም ያስተምሩሻል። እኔ የምለምንሽ ከሁሉ አስቀድመሽ ይህን እንድትጠይቂ ነው፦ ገጹን የምትከፍተው እናት ምን ፈልጋ መጣች? የሕክምና መጽሐፍ ክትባቶችን በበሽታ ስም ይዘረዝራል፤ ለሐኪም ይመቻል። እናቲቱ የምታውቀው ግን የልጇን ዕድሜ ነው። እንደተወለደ፣ በ6ኛ፣ በ10ኛ፣ በ14ኛ ሳምንት፣ በ9ኛ ወር እያልሽ ደርድሪው፤ የክትባቱ ስም ከሥሩ ይከተል።

ሃሪ ቤክ በ1931 እ.ኤ.አ. የለንደንን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ እንደ አዲስ ሲነድፍ የጀመረው ከዚሁ ጥያቄ ነው። ከመሬት በታች ያለ ተሳፋሪ ማወቅ የሚሻው የት እንደሚቀይርና የት እንደሚወርድ ነው፤ በጣቢያዎቹ መካከል ያለው ትክክለኛ ርቀት አይረዳውም። ስለዚህ የሐዲዱን መጠማዘዝ ትቶ መስመሮቹን በሙሉ ቋሚ፣ አግድም ወይም በ45 ዲግሪ ያዘነበሉ አደረጋቸው። ኃላፊዎቹ መጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ በ1933 ታትሞ ሲወጣ ግን ሕዝቡ ወደደው። አንቺም እውነት የሆነ፣ የደከምሽበት ነገር ከገጹ ላይ ማውጣት ይኖርብሻል። አትሳሺ፣ አውጪው።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን ርዕስ የሚለየው በውፍረቱና በዙሪያው በሚተውለት ቦታ ነው። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለያት የአንዲት ቅጥያ አቀማመጥ ነው፤ ፊደሉን ካሳነስሽው በርካሽ ስልክ ላይ ልዩነቱ ይጠፋል። በፊደሉና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ቀይን ቆጥቢ። የብራና ጸሐፊዎቻችን ለቅዱሳን ስምና ለክፍል መጀመሪያ ያቆዩት ነበርና ዓይን ሄዶ ያርፍበት ነበር። ጽሑፉን በፎቶ መልክ አትለጥፊው፤ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት አንባቢ ፕሮግራም ፊደልን እንጂ የፊደል ፎቶን በቀላሉ አያነብም።

ሰዓቱንማ አደራ! «3:00» ብቻ ብትይ አንዷ ጠዋት ትመጣለች፣ ስልኳን የምታምነው ሌላዋ ከቀኑ 9 ሰዓት። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በስልክ ሰዓት 9:00» ብለሽ ጻፊው።

አሳቢ መሆን ብቻውን አይበቃም። በ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ፣ በፍሎሪዳ ፓልም ቢች፣ የምርጫ ኃላፊዋ ለአረጋውያን ፊደሉ እንዲተልቅላቸው ብላ የዕጩዎቹን ስም በግራና በቀኝ ገጽ ከፈለችው። መራጩ የሚበሳቸው ቀዳዳዎች ግን መሐል ላይ በአንድ መስመር ተደርድረው ነበር። በግራው ገጽ ሁለተኛ የተጻፈው አል ጎር ነው፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ግን የፓት ቡካናን ነበር። ብዙ ሰው ጎርን የመረጠ መስሎት ቡካናንን በሳ። የጎር ተፎካካሪ ጆርጅ ቡሽ ፍሎሪዳን ያሸነፈው በ537 ድምፅ ልዩነት ነው። ያ ወረቀት አስቀድሞ ለጥቂት አረጋውያን ተሰጥቶ «እስቲ ምረጡ» ቢባሉ ኖሮ ስህተቱ ያኔውኑ ይታይ ነበር።

ስለዚህ ረቂቅሽን ከመምህርሽ በፊት በቅርብ ለወለደች ጎረቤት አሳዪ። «ያምራል ወይ?» አትበያት፤ ለአንቺ ብላ ያምራል ትልሻለች። «ቀጣዩ ክትባት መቼ ነው? በስንት ሰዓት ትሄጃለሽ?» ብለሽ ስልኩን ስጫትና ዝም በይ። ጣቷ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቺ፤ ብትሳሳትም አታርሚያት። የቆመችበትን ቦታ ሁሉ መዝግበሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

የሚወድሽ ወንድምሽ