ማዳም ሳሎን የተሰቀለው ወንዝ

ስሜ ይቆይና ያለሁት ቤሩት ነው፣ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የእናንተን ታሪክ እያነበብኩ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ። ዛሬ ተራው የእኔ ነው። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ አንድ ካርታ ምክንያት ደሞዜን ልበላ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ማዳም ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ፣ ወርቅማ ፍሬም ውስጥ የገባ አሮጌ ካርታ አለ። ቁመቱ አጭር ነው፣ ጎኑ ግን ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። የገባሁ ቀን ማዳም በጣቷ እያሳየች «ይሄ ከዚህ ቤት ሁሉ ይበልጣል፣ ተጠንቀቂ» አለችኝ። በየቀኑ አቧራውን ስጠርግ ፊደሎቹን መልቀም ጀመርኩ። አስረኛ ክፍል ስለደረስኩ የፈረንጅ ፊደል አያቅተኝም። ትልቁ ጽሑፍ «ዳኑቢየስ» ይላል። የሰው ስም መስሎኝ ነበር። ማታ ስልኬ ላይ ስፈልገው የዳኑብ ወንዝ ሆኖ አገኘሁት።

ከጀርመን፣ ጥቁር ደን ከሚባለው ቦታ ይነሳና ወደ 2,850 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጥቁር ባሕር ይገባል። ቪየናን፣ ቡዳፔስትን፣ ቤልግሬድን እያለፈ ዛሬ 10 አገር ይነካል። ፓስፖርቱን የሚይዝበት ካፊል የለም ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ካርታው ላይ የሚፈሰው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፣ ልክ እንደ እኛ ጽሑፍ። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው የእናቴ ተረት በየጠዋቱ ትዝ ይለኛል። ግንዱ እኔ ነኝ እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ማዳም ለእንግዳ ብላ ከካርታው በላይ አዲስ መብራት አስገጠመች። መብራቱ ሲበራ የአገሮቹ ድንበር ላይ ቡናማ እድፍ ቁልጭ ብሎ ታየ። «ምን ደፋሽበት?» ብላ ጮኸች። ምንም አልደፋሁም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ልቤ ደንግጦ ነበር፣ ምክንያቱም የመስታወት መወልወያውን ቀጥታ መስታወቱ ላይ እየረጨሁ ነበር የምወለውለው። «እስኪጣራ ደሞዝ የለም» አለችኝ። በዚያ ወር ገንዘብ ደግሞ ልጄን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ነበር።

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካርታውን እንደ አዲስ አየሁት። ቡናማው ያለው አረንጓዴ ቀለም የተቀባበት ድንበር ላይ ብቻ ነው! ሮዙም ቢጫውም ንጹሕ ናቸው። ማዳምን ጠርቼ «ውሃ ቀለም አይመርጥም፣ ነይ እይው» አልኳት። «ኻላስ» ብላኝ ሄደች። ማታ ሚስተር ሲገባ ደግሜ ተናገርኩ። የሚያውቅ ሰው ይየው ብዬ ለመንኩት። እሱ እሺ አለኝ።

የመጡት ፍሬም የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌላቸው የፍሬሙን ጀርባ ፈቱት። ወረቀቱን ሲገለብጡት ቡናማው መስመር በጀርባም በኩል ወጥቷል፣ በእርሳስ የተሰመረ ይመስላል። «ይሄ የልጅቷ ሥራ አይደለም» አሉ። የድሮ አረንጓዴ ቀለም ከመዳብ ዝገት ነበር የሚሠራው፤ ዓመት በቆየ ቁጥር ወረቀቱን ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል። እኔ ሳልወለድ፣ ማዳምም ሳትወለድ የጀመረ ነገር ነው።

ከዚያ ደግሞ ታችኛው ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታክል ሌላ እድፍ አሳዩ። «ይሄ ግን የሚረጭ ውሃ ነው። በመስታወቱ ወርዶ በፍሬሙ ስር ይገባል።» ዝም ማለት እችል ነበር። «እሱ የእኔ ነው» አልኩ። ማዳም ቀና ብላ አየችኝ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብዬ ሳይ ጊዜ ደስ አላቸው መሰለኝ እንደ ልጃቸው ያስረዱኝ ጀመር። በ1630ዎቹ አምስተርዳም ውስጥ በዊለም ብላው ማተሚያ ቤት የወጣ ካርታ ነው አሉ። መዳብ ላይ ሁሉንም ፊደል ገልብጠው በስለት ይቀርጹታል፣ ቀለም ያስገቡበታል፣ ላዩን ይጠርጉታል፣ ከዚያ እርጥብ ወረቀት አድርገው በማተሚያ ይጨቁኑታል። የመዳቡ ጠርዝ ወረቀቱ ላይ ሰርጎ ይታያል። ድንበሮቹ ከታተመ በኋላ በእጅ፣ በብሩሽ የተቀቡ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱና ሱልጣኑ ለምን ትይዩ እንደተሳሉ ጠየቅኳቸው። በዚያ ዘመን ወንዙን ሁለቱ ተካፍለውት ስለነበር ነው አሉኝ፤ ቡዳ ከ1541 እስከ 1686 በቱርኮች እጅ ነበረች።

ርዕሱንም ተረጎሙልኝ፦ «ዳኑብ፣ የአውሮፓ ትልቁ ወንዝ።» እኔም አላስችል ብሎኝ «ስልኬ ላይ ግን ትልቁ ቮልጋ ነው ይላል» አልኩ። ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁ። «ልክ ነሽ፣ ቮልጋ ይበልጣል» አሉ። ሚስተርም ሳቀ። ማዳም አልሳቀችም።

በማግስቱ ደሞዜን ሰጠችኝ፣ ለጥፍሯ እድፍ 30 ዶላር ቆርጣ። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣትም። ልጄ ግን ተመዘገበች። ካርታውን ደግሞ ፀሐይ ቀለሙን ያጠፋዋል ስለተባለ ኮሪደር ላይ ሰቀልነው። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ።

እህቶቼ፣ ከዚህ የተማርኩትን ልስጣችሁ። መወልወያውን ጨርቁ ላይ እንጂ ፍሬሙ ላይ አትርጩ፣ ጨርቁንም ከካርታውና ከሥዕሉ ራቅ አድርጋችሁ እርጩበት። አዲስ ቤት ስትገቡ የተሰነጠቀውን፣ ያደፈውን፣ የተጫረውን ሁሉ ስልክ ያላችሁ ፎቶ አንሱት፤ የሌላችሁ በመጀመሪያው ቀን ማዳምን ጠርታችሁ በጣት አሳዩአት። ያላጠፋችሁትን ግን በፍርሃት ብቻ «አዎ እኔ ነኝ» እንዳትሉ። የቤቱን ዕቃ በየቀኑ በእጃችን የምንዳስሰው እኛ ነን፤ ከባለቤቶቹ በላይ የምናውቀው ብዙ ነገር አለ።

አሁንም በየጠዋቱ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ በደረቅ ጨርቅ። ከምንጩ ጀምሬ እስከ ባሕሩ። እግዚአብሔር ሁላችንንም ለአገራችን በሰላም ያብቃን።