የቆመ ሞተር

ዕቃን የሚጨርሰው ሥራ ብቻ ይመስለናል። መቆምም ይጨርሳል።

አባቴ በጨረታ የገዛት ያማሃ ሞተር ብስክሌት፣ እሱ ካረፈ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ካለው ሰርቪስ ቤታችን አሥራ አንድ ዓመት ቆማ ነበር። እናቴ በአሮጌ ጋቢው ሸፍናት፣ «ማንም እንዳይነካት» ብላ ቁልፉን ከመቀነቷ ቋጠረችው። ባለፈው ጥቅምት ግን ራሷ አውጥታ ሰጠችኝ።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከጎጃም ቢወጣም «ካንዴላ» የሚለው ቃሉ ከመካኒኮቻችን አፍ አልወጣም። የጠራሁት ሽማግሌ መካኒክም መጀመሪያ የፈታው ካንዴላውን ነው፤ ዝጓል። ቀጥሎ ካርቡራተሩን ከፈተ። ቤንዚን ለዓመታት ሲቀመጥ ቀላሉ ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ይረጋል፤ መርፌ የማታህል ቀዳዳ ደፍኖ መላውን ሞተር ያስራል።

«ልጄ፣ ይቺ አልተበላሸችም፤ ተዘግቶባት ነው» አለኝ።

ታጠበች፣ አዲስ ቤንዚን ጠጣች። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለችና አየሩ ስስ ነው፤ ለዚያም የቤንዚኑን መጠን ቀነሰላት። ፔዳሏን ደጋግመን ስንረግጥ ነጭ ጭስ ተፍታ ተነሣች።

እናቴ ከማድቤት ወጥታ በሩን ተደግፋ አዳመጠች። «አባትህ ከታች ካለው መታጠፊያ ሲደርስ እንዲህ ነበር የምትጮኸው፤ ያኔ ወጡን እጥድ ነበር» አለች።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሳታለቅስ ስታነሣው የዚያን ዕለት ሰማሁ።