ከኤሲው በፊት

በሰኔ ወር ድሬዳዋ ላይ ጁሙዓ የሰገደ ሰው ስለምን እንደምጽፍ ወዲያው ይገባዋል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አስፋልቱ ይፋጃል፤ የደቻቱ አሸዋ ከሩቅ ሲያዩት ውሃ ያለበት ይመስላል። በዚያ ሰዓት ስድስት መቶ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣል። ኹጥባው ሳይጋመስ ሽማግሌዎቹ በኩፊያቸው ማራገብ ይጀምራሉ። ከሴቶቹ ክፍል የሕፃናት ልቅሶ ይሰማል። ኢማሙም ይህን እያዩ ሊናገሩ ያሰቡትን ያሳጥራሉ።

የሰፈራችን መስጂድ ኮሚቴ ለዚህ ችግር መላ ለመፈለግ ገንዘብ ሲያሰባስብ ሰዉ ሁሉ ያሰበው ኤሲ ነበር። ነጋዴው በሺዎች ሰጠ፤ ሳምቡሳ ጠብሳ የምታድር አንዲት እናትም የቀኗን ትርፍ በመሐረብ ቋጥራ አመጣች። እኔ ጅዳ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት በኤሌክትሪክ ሥራ ስለቆየሁ «ስንት ኤሲ ይበቃናል?» ብለው ጠየቁኝ። ሰው አምኖ የሰጠው ገንዘብ አማና ነው። ስለዚህ ቁጥር ከመናገሬ በፊት ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁ።

ጅዳ ሳለሁ ያየሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም ነበር። በምሠራበት ሰፈር የነበረ አንድ መስጂድ ኤሲው 18 ዲግሪ ላይ ተሞልቶ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ሽማግሌዎች ሻርፕ ደርበው ይገባሉ፤ ከውጭ ላብ በላብ ሆኖ የመጣው ወጣት ደግሞ ሁለት ረከዓ ሳይሰግድ ያስነጥሳል። ከዙህር እስከ ዐስር ባለው ጊዜ ውስጡ ሦስት ሰው ይኖራል፣ አለዚያም ማንም የለም። ውዱእ ስናደርግ ውሃ እንዳናባክን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ኢስራፍ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ግን ስለማይታየን ነው መሰል፣ ማንም አይቆጨውም።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ። ጸጥ ብሎ የተቀመጠ አንድ አዋቂ ሰው ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ከሰውነቱ ያወጣል። ስድስት መቶ ሰው ሲሰበሰብ 60 ኪሎ ዋት ይሆናል። ይህን ለእናቶቻችን በሚገባ ቋንቋ ልንገራቸው፦ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል። እንግዲህ ጁሙዓ ላይ አዳራሹ ውስጥ አሥራ ሰባት ያህል ምጣድ ባንድ ጊዜ እንደተጣደ ቁጠሩት። በዚያ ላይ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ አለ። ኤሲ አንድ እጅ ኤሌክትሪክ ወስዶ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ያስወጣል ብንል፣ የሰዉን ሙቀት ብቻ ለማውጣት 20 ኪሎ ዋት ያስፈልገዋል። ለዚህ ወፍራም ገመድና አዲስ ቆጣሪ ሊያስፈልግ ነው፤ ምናልባትም ትራንስፎርመር። ይህ ሁሉ የሚገዛው ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ለሚሞላ አዳራሽ ነው። በሌላው ቀን በየሶላቱ የሚገኘው ጥቂት ሶፍ ብቻ ነው።

ማራገቢያ፣ የድሬ ሰው ቬንትሌተር የሚለው፣ ሥራው ሌላ ነው። ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ ሰውን ነው የሚያቀዘቅዘው። በሰውነታችን ዙሪያ እኛው ያሞቅነው ስስ የአየር ሽፋን አለ። ነፋሱ ያንን ይገፍልናል፤ ላባችንም ቶሎ ይደርቃል፤ ላብ ሲደርቅ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለሕዝቡ በሚሰጠው ምክር፣ የኮርኒስ ማራገቢያ ያለው ሰው ኤሲውን በ2 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ቢተወው ምቾቱ አይጓደልም ይላል።

«ታዲያ ማራገቢያማ አለን አይደል?» አሉኝ አንድ ሐጂ። እውነታቸውን ነው፣ አሥራ ሁለት ትንንሽ ማራገቢያዎች አሉን። እንዲህ ስል መለስኩላቸው፦ «ሐጂ፣ እነዚህ በፍጥነት ስለሚሽከረከሩ ከሥራቸው የተቀመጠውን ሰው ይመቱታል፤ ከዚያ ሁለት ሶፍ ወደኋላ ያለው ግን ምንም አይደርሰውም።» ትልቅ የሚባለው ማራገቢያ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ወይም 7 ሜትር ይሆናል። ባለ 6 ሜትሩ የሚሸፍነው ክብ፣ የእኛ ባለ 1.4 ሜትር ከሚሸፍነው 18 እጥፍ ይበልጣል። ክንፎቹን በዓይን መቁጠር እስኪቻል ድረስ ቀስ ብሎ ይዞራል። የሚገፋው አየር ወለሉን ነክቶ ወደ አራቱም ማዕዘን ይፈስሳል። ቀስ ማለቱም ትልቅ ጥቅም አለው፤ አንድ ማራገቢያ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ የሚገፋው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚበላው ኤሌክትሪክ ግን ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ሁለት እንዲህ ያሉ ማራገቢያዎች ተደምረው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ዋት ቢወስዱ ነው፤ ከአንድ ምጣድ ያነሰ ማለት ነው።

እነዚህ ማራገቢያዎች መጀመሪያ የተሠሩት ለሰው አልነበረም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ሙቀት ወተታቸውን ለሚያሳንስባቸው የወተት ላሞች ጋጣ ነው የታሰቡት። ከዚያ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ መጋዘን፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያና ወደ ስፖርት አዳራሽ ገቡ። ይህን ስናገር ሐጂው ሳቁና «ለላም ከታሰበላት ለሰጋጅ ማን ከለከለው?» አሉ። ስብሰባው የተለወጠው ከዚያ በኋላ ይመስለኛል።

ነገሩ በቃል ብቻ የቀረ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመራማሪዎች 99 የኮርኒስ ማራገቢያዎችን አነስተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች በሚኖሩባቸው ሕንፃዎች ሰቅለው ሁለት ዓመት ተከታተሉ። ማራገቢያው ቀድሞ እንዲነሳ፣ ኤሲው ሙቀቱ ሲብስ ብቻ እንዲከተል አደረጉ። በሙቀቱ ወራት የኤሲው መጭመቂያ የሚበላው ኤሌክትሪክ በ39 ከመቶ ቀነሰ። የሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲም በ2019 (እ.ኤ.አ.) በከፈተው አዲስ ሕንፃ አየሩን እንደ ልማዱ ሳያበርድ በመጠኑ ብቻ አቀዝቅዞ ያስገባና የቀረውን ለኮርኒስ ማራገቢያዎች ይተዋል። ሲንጋፖር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የምትሞቅና የምትወብቅ አገር ናት።

በመዲና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጡ የሚቀዘቅዘው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከተሠራ ጣቢያ በቧንቧ በሚመጣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። በውጭው ግቢ ግን 250 ታጣፊ ጃንጥላዎች ጥላ ይሰጣሉ፤ ጭጋግ የመሰለ ውሃ የሚረጩ ማራገቢያዎችም ምሰሶዎቹ ላይ አሉ። ሐጅ ወይም ዑምራ የሄደ ሁሉ ያውቃቸዋል። የመዲና አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው ወዲያው ይተናል፤ እንደ ጅዳ ባለ የባሕር ዳር ከተማ ያው ዘዴ ልብስ ከማርጠብ ብዙም አያልፍም።

ማራገቢያ ሁሉን ይፈታል አልልም። የአየሩ ሙቀት ከቆዳችን ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ፣ ነፋሱ ሙቀት ከመውሰድ ይልቅ ማምጣት ይጀምራል፤ የሚያድነን የላባችን መድረቅ ብቻ ይሆናል። ይህም ውሃ የጠጣ ሰው ላይ ይሠራል። ውሃ ያልጠጡ፣ ላባቸውም የቀነሰ አረጋውያን በእንዲህ ያለ ቀን ማራገቢያ ሥር ተቀምጠውም ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ ለኮሚቴው ያልኩት፦ መጀመሪያ ቆርቆሮው ነጭ ይቀባ፤ ከሥሩ ሙቀት የሚከለክል ኮርኒስ ይግባ፤ ተቸንክረው የቀሩት የላይኛዎቹ መስኮቶች ይከፈቱና ሙቅ አየሩ ይውጣ። ቀጥሎ ማራገቢያ፤ ኤሲ ካስፈለገም ለአቅመ ደካሞች በተለየ አንድ ክፍል ብቻ ይሁን። በር ላይ የመጠጥ ውሃ አይጥፋ።

የመብራት ነገርም አለ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሃያ ኪሎ ዋት የሚሸከም ጄኔሬተር ከየት ይመጣል? ሁለት ማራገቢያ ግን አነስተኛ ጄኔሬተር ያንቀሳቅሳቸዋል፤ ፀሐይ ለማታጣው ለድሬ ሰው በጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ሶላርም አለ።

ከሁሉ በላይ ያከራከረን የሴቶቹ ክፍል ነበር። ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከታች የምናባርረው ሙቀት የሚጠራቀመው እነሱ ዘንድ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ በመሆኑ ትልቁ ማራገቢያ አይሰቀልበትም። አንዳንዶች «እነሱ እኮ ጥቂት ናቸው» አሉ። ጥቂት የሆኑት ስለሚሞቃቸው እንደሆነ አንዲት እናት ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው መለሱ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። ከኤሲው በተረፈው ገንዘብ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ የሆኑ ስድስት ትንንሽ ማራገቢያዎች ለፎቁ ተገዙ፤ ቀድመው የተሰቀሉትም እነሱ ናቸው።

የታችኞቹ ሁለት ትልልቆች የተሰቀሉት ከብረት ተሸካሚው ላይ ነው፤ ኮርኒስ እንዲህ ያለ ክብደት አይችልም። አምፖሎቹንም ከክንፎቹ በታች አውርደናቸዋል፤ ከላይ ሲሆኑ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም እያለ ቁርኣን የሚቀራውን ዓይን ያውካል። ማብሪያ ማጥፊያው ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ይሁን ብለው የጠየቁት ሙአዚኑ ናቸው፤ የመጨረሻው ሰው ጫማውን ሲያጠልቅ እንዲያየው።