እጅ ሲዘገይ ምን ይተርፋል?

የካውቦይ ፊልም ሲባል መቼም ሁላችንም ዓይናችን ላይ የሚመጣው አንድ ሰው ነው። ወገበ ቀጭን፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ፣ እናንተ ዓይናችሁን ሳትጨፍኑ ሽጉጡን መዞ ሦስቱን የሚዘርር ጎረምሳ። «አክተር አይሞትም» እያልን ነው ያደግነው። እሺ አይሙት፤ አያረጅምም እንዴ? ያ ጎረምሳ ሰባ ዓመት ሲሞላው ምን ይሆን ነበር ብሎ የጠየቀ ስንቶቻችን ነን?

ይህን የጠየቀ አንድ ፊልም ሰሞኑን አየሁ። ለሲኒማ ቤት ሳይሆን ለቴሌቪዥን የተሠራ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ የሚፈጅ ትንሽ ፊልም ነው። ርዕሱ «ዘ ኦቨር ዘ ሂል ጋንግ» ይባላል፤ ወደኛ ስናመጣው «ዳገቱን ጨርሰው ቁልቁለቱን የጀመሩት ጓዶች» እንደማለት ነው። ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያሳየው በ1969 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ታሪኩ ቀላል ነው። ኦረን ሄይስ የሚባል ጡረታ የወጣ የቴክሳስ ሬንጀር፣ ማለትም የሕግ አስከባሪ ካፒቴን፣ ልጁን ሊጠይቅ ወደ አንዲት የኔቫዳ ከተማ ይሄዳል። አማቹ የጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ለከንቲባነት ይወዳደራል። ወንበሩ ላይ ያለው ከንቲባ ግን ሌባ ነው፤ ሸሪፉም ዳኛውም የእሱ ሰዎች ናቸው። ካፒቴኑ ምን ያድርግ? ለድሮ ጓደኞቹ መልእክት ይልካል። ሦስቱም ይመጣሉ።

ግን ምን ዓይነት አመጣጥ! እጅ ዘግይቷል፣ ጉልበት ከድቷል። ሜካፕ ያስረጃቸው እንዳይመስላችሁ። አንደኛው፣ ዋልተር ብሬናን፣ ያን ጊዜ 75 ዓመቱ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት ሦስት ኦስካር የወሰደ የመጀመሪያው ወንድ ተዋናይ ነው። ካፒቴኑን የሚሠራው ፓት ኦብራየን 69፣ ቺል ዊልስ 67፣ ኤድጋር ቡካናን ደግሞ 66። ቡካናን እንዲያውም ተዋናይ ከመሆኑ በፊት የጥርስ ሐኪም ነበር። እነዚህ ሰዎች ሽጉጥ በመምዘዝ ማንንም እንደማይቀድሙ ሲገባቸው ጨዋታውን ይለውጡታል። የቀራቸው ዘዴ ነውና በዘዴ ይገጥማሉ።

በዚያው ዓመት በሲኒማ ቤት የታየው «ዘ ዋይልድ በንች» ያረጁ ሽፍቶችን በደም አጥቦ ነው የጨረሳቸው። ይህኛው እያሳቀ አሳልፏቸዋል። በጥበብ የሚበልጠው ያኛው ነው፤ እኔ ግን የወደድኩት ይህንን ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ፊልሙን ያየሁት ከአጎቴ ጋር ነው። ጋሼ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ የአሰብን መንገድ ከነተሳቢው ሌት ተቀን ሲመላለሱበት የኖሩ ሰው። ዛሬ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ማታ ማታ ዓይናቸው አያይም። ልጆቻቸው ተማክረው የቤቱን መኪና ቁልፍ ደበቁ። ትክክል ናቸው፤ አንድ ቀን ሰው ገጭቶ ከመግደል ይሻላል። ግን ቁልፉ ከተደበቀ ወዲህ ጋሼ ወሬም ምግብም ቀነሱ። ጠዋት ለባብሰው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ እዚያው ይመሻል።

ፊልሙ ሲጀመር ሽማግሌዎቹን እያዩ ከልባቸው ሳቁ። መጨረሻው ላይ ግን ዝም አሉ።

«ምነው ጋሼ፣ አልወደዱትም?»

«ወድጄዋለሁ» አሉ። «እነሱ ግን ተጠሩ። እኔን ማን ጠራኝ?»

እናንተዬ፣ ምን ብዬ ልመልስ?

ከዚያ በኋላ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። የእነዚያ ሰዎች እጅ መልእክቱ ከመምጣቱ በፊትም የዘገየ ነበር፤ ከመጣ በኋላም አልፈጠነም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚፈልጋቸው ሰው ተገኘ። እኛ ደግሞ ሽማግሌ ቤት ሲኖረን ቁልፍ መቀበል እናውቅበታለን፤ በምትኩ ምን እንስጥ አንልም።

ይህን ለአጎቴ ልጅ ነገርኩት። ያገለገለ የጭነት መኪና ሊገዛ ሲደራደር ነበርና «እስቲ አባዬ አብረን እንየው» አላቸው። ደላላው መኪናውን አሞግሶ አይጠግብም፤ «አዲስ በለው» ይላል። ጋሼ አልተናገሩም። ሞተሩን አስነሱና ከኋላ ሄደው ጭሱን አዩ። ጭሱ ሰማያዊ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ሞተር ዘይት ይበላል፤ ተወው» አሉ። ግዢው ቀረ። ያን ዕለት ማታ ጋሼ እራታቸውን ጨርሰው በሉ። ቁልፉ ዛሬም እንደተደበቀ ነው፤ ስለሱ የሚያነሳም የለም። አሁን ግን መኪና የሚገዛ የሰፈር ልጅ ሁሉ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ይላል።

እንግዲህ እኔ የምመክረው ይህን ነው። ቤታችሁ ውስጥ ዝም ያለ ሽማግሌ ካለ፣ አንድ የሚያውቀውን ነገር ጠይቁት። ግን የእውነት የቸገራችሁ ነገር ይሁን። ለማስደሰት ብቻ የተጠየቀ ሽማግሌ ወዲያው ይነቃል።

ለራሳችንም እናስብበት። ዛሬ ፈጣኖች እኛ ነን፤ ስልክ ላይ ጣታችን እንደ ካውቦይ እጅ ይሮጣል። ይዘገያል፤ የማንም አልቀረም። በ1970 የዚህ ፊልም ሁለተኛ ክፍል ወጥቶ ነበር። በዚያኛው ታላቁ ዳንሰኛ ፍሬድ አስቴር በ71 ዓመቱ በመጠጥ የወደቀ የድሮ ሬንጀር ሆኖ ይሠራል፤ የሚያነሱትም እነዚያው ጓደኞቹ ናቸው። በስልካችሁ ውስጥ ስንት መቶ ስም አለ? ከነዚያ ውስጥ የዛሬ አርባ ዓመት «ና» ስትሉት በከዘራም ቢሆን የሚመጣው ማን ነው? አንድ ሁለት ካገኛችሁ፣ ዛሬውኑ ደውሉላቸው።