የዋጋ ፈረቃ

ሜልበርን የገባሁት በኢትዮጵያ ሚሌኒየም ዋዜማ፣ በፈረንጆቹ 2007 ነው። ከተማዋ በድርቅ ተይዛ ነበር። ሣር ማጠጣት ክልክል ነው፤ አትክልትም የሚጠጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም በተወሰነለት ሰዓት ብቻ። በማግስቱ ዓመት መንግሥት “ለአንድ ሰው በቀን 155 ሊትር” የሚል ዘመቻ ጀመረ። በ2009 የግድቦቹ ውሃ ከ30 በመቶ በታች ወረደ። መታጠቢያ ቤት የሚሰቀል የአራት ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ይታደል ነበር። ጎረቤታችን አሮጊቷ ፈረንጅ ሙቁ ውሃ እስኪመጣ የሚፈሰውን ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ይዘው ጽጌረዳቸውን ያጠጣሉ። ሌላው ሰው በዚህ ሲማረር እኔ ሰፈሬ የተመለስሁ መሰለኝ። ያደግሁት አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት፣ ሌሊት ተነሥቼ ጀሪካን ስሞላ ነው።

ድርቁ አለፈ፤ ገደቡም ተነሣ። እኔ ግን እየቆየሁ ስሄድ ሜልበርን ውስጥ ፈረቃ ያለው ውሃ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ዋጋም ፈረቃ አለው። ተራው መቼ እንደሆነ ያወቀ በዚያው ደመወዝ ይኖራል፤ ያላወቀ ደመወዙ ከሳምንቱ ቀድሞ ያልቃል።

ይህን መጀመሪያ ያስተማሩኝ ብሬብሩክ ውስጥ አብረውኝ ቤት የተከራዩት እኅቶች ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ፉትስክሬይ ገበያ ይዘውኝ ሄዱ። ገበያው ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነው። እሑድና ሰኞ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ ያልተሸጠ የበሰለ ቲማቲም እስከ ማክሰኞ አይቆይም። ከሻጮቹ ብዙዎቹ ከጦርነቱ በኋላ በጀልባ የመጡ ቬትናሞችና ልጆቻቸው ናቸው፤ ስደተኛ ለስደተኛ ሲሸጥ ጨዋታው ፈጣን ነው። ጠዋት በኪሎ የነበረው ከሰዓት በፌስታል ይሆናል። “ዋን ዶላር! ዋን ዶላር!” የሚለው ጩኸት ሲጀመር ወደ መደቡ ልሮጥ ስል የቤታችን ታላቅ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

“ቆይ፤ ገና ነው” አለችኝ።

ሻጩ ላይ ዓይኗን ሳታሳርፍ ኮሪያንደሩን ታገላብጣለች። ዙሪያችንን ሳይ ሌሎችም ሐበሾች እንደዚሁ ቆመዋል፤ ሁሉም የሚገዛ አይመስልም። ከወዲያኛው ጥግ አንድ ልጅ የሲሚንቶውን ወለል በጎማ ማጠብ ጀመረ። ያኔ ፌስታል የነበረው ካርቶን ሆነ። ሻጩ የቲማቲሙን ካርቶን እንዳለ አንሥቶ “ቱ ዶላር፣ ቴክ ኦል!” አለና የታላቃችን እጅ ላይ ጣለው። እሷም “ቴንኪው ብራዘር” ብላ ሳትከራከር ከፈለች።

ዋናው ሥራ ግን ቤት ነበር። የፈረጠው ለብቻ፣ ደኅናው ለብቻ ይለያል። አሥር ኪሎ ሽንኩርት መስኮት ተከፍቶ ይከተፋል። ትልቁ ድስት ተጥዶ ቁሌቱ ሲንተከተክ ያመሻል፤ ከበረደ በኋላ በባዶ የእርጎ ዕቃ እየተለካ ፍሪዘር ይገባል። የሳምንቱ ወጥ ግማሽ ሥራው በዚያች ማታ አለቀ ማለት ነው። ይህ ለምን ገንዘብ እንደሚያድን የገባኝ ዶሮ ፋብሪካ ሥራ ከያዝሁ በኋላ ነው። ገንዘባችንን የሚበላው ገበያው አልነበረም፤ ድካሙ ነበር። እግሩ አብጦ ማታ የገባ ሰው ሽንኩርት አይከትፍም፤ ስልክ አንሥቶ ፒዛ ያዛል። ፍሪዘር ውስጥ ቁሌት ካለ ግን ምስሩን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይበላል።

ምስሩም የሩቅ አገር ዕቃ አይደለም። አውስትራሊያ በዓለም ላይ ምስር በብዛት ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች አንዷ ናት፤ ከሚመረትባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ እዚሁ ቪክቶሪያ ውስጥ፣ ሆርሻም ዙሪያ ያለው የዊመራ ሜዳ ነው። ከሕንድ ሱቅ በትልቁ ጆንያ ሲገዛ ዋጋው ከሥጋ ጋር አይወዳደርም። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ፍልሰታን የሚጾም ቤት የዓመት አስቤዛውን ሲደምር ጾሙ ለነፍስ ብቻ እንዳልሆነ ያያል።

እንጀራው የሚጋገረው ሌሊት ነበር። ጤፍ ውድ ስለሆነ ከሰልፍ ሬይዚንግ ዱቄት ጋር ይደባለቃል፤ ምጣዱ ግን መብራት አይምርም። ያኔ የነበረን ቆጣሪ ሁለት ዋጋ ይቆጥር ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ርካሽ ነው። ስለዚህ ተረኛዋ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ምጣዱን ሰክታ፣ ቴፑን ዝቅ አድርጋ ከፍታ፣ የሁላችንን እንጀራ ታወጣለች። ዛሬ የሰዓት ታሪፍ የመረጠ ቤት መብራት የሚወደድበት ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ሰዓቱ ተለወጠ እንጂ ፈረቃው አልቀረም።

ባቡሩም እንደዚያው ነው። ከ2008 ወዲህ በሥራ ቀን ማለዳ በባቡር የሚሄድ አይከፍልም። ማይኪ የተባለው ካርድ ከመጣ በኋላ ሕጉ እንዲህ ሆነ፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ15 በፊት ካርድህን አስነክተህ ከጣቢያው ከወጣህ ጉዞው ነጻ ነው፤ አንድ ደቂቃ ካሳለፍህ ሙሉውን ትከፍላለህ። ከሴንት አልባንስና ከሰንሻይን በዚያ ሰዓት የሚመጣው ባቡር ውስጥ ሱፍ የለበሰ ጥቂት ነው፤ የጽዳትና የግንባታ ሠራተኛ ይሞላዋል። አንድ ጠዋት ባቡራችን ሳውዘርን ክሮስ ጣቢያ ሊገባ ሲል ቆመ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው የእኛ አገር ሴት ስልኳን አየች፤ 1 ሰዓት ከ11። ማንም አልተናገረም፤ ግን የሠረገላው ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ተነሥቶ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ባቡሩ ሲቆም ደረጃውን በሩጫ ወጣን። ሴትየዋ ካርዷን አስነክታ ማሽኑ ላይ ዜሮ ስታይ “ተመስገን” አለች፤ ከኋላዋ የነበረው ሰው ከፈለ። ነጻ የሚባለው ጉዞ እንቅልፍ የተከፈለበት መሆኑን ግን ሌሊት 10 ሰዓት የሚነሣ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የተረፈው ሳንቲም ኪስ ውስጥ ቢቀመጥ ይበተን ነበር። የሰበሰበው እቁቡ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንሰበሰባለን፤ ዳኛና ጸሐፊ አለን፤ አዲስ የሚገባ ዋስ ይጠራል። እዚህ አገር ቤት ለመከራየት የአንድ ወር ያህል ማስያዣ ይጠየቃል፤ መኪና በየዓመቱ ይመዘገባል፤ ሁለቱም አንድ ጊዜ ዱብ የሚሉ ዕዳዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ብዙ ሰው በከባድ ወለድ የሚያበድሩ ሱቆች ውስጥ ይወድቃል። እኛ ዘንድ የቸገራት ትናገራለች፤ ዕጣ የወጣላት ትለቅላታለች። ወለድ የለም፤ ያለው ይሉኝታ ነው፤ እሱም ከወለድ የበለጠ ያስከፍላል።

ከፈረቃው ውጭ የሆነውን ቁጠባ ያሳዩኝ ፍሌሚንግተን ከሚገኙት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ የሚኖሩ እናት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። የመንግሥት ቤት ኪራይ ከቤተሰቡ ገቢ 25 በመቶ ስለሆነ ኪራዩ አይከብዳቸውም። የሚያስለቅሳቸው የመብራት ቢል ነበር። ማሞቂያ ጠፍቶ፣ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው አገኘኋቸው።

“ልጄ፣ አንድ አምፖል ነው የማበራ። ይህ ሁሉ ከየት መጣ?” ብለው አንድ ፌስታል ቢል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉልኝ።

በየተራ አየሁት። በሌሎች ጡረተኞች ቢል ላይ የማውቃት አንዲት መስመር የእሳቸው ላይ የለችም፤ የኮንሴሽን ቅናሽ። ቪክቶሪያ ውስጥ የጡረታ ወይም የሄልዝ ኬር ካርድ ያለው ሰው ከዓመት እስከ ዓመት ከመብራት ቢሉ 17.5 በመቶ ይቀነስለታል፤ የጋዝ ደግሞ በብርዱ ወራት፣ ከግንቦት 1 እስከ ጥቅምት 31 በፈረንጅ አቆጣጠር። ቅናሹ ግን ካርዱን ላላስመዘገበ አይመጣም። እትዬ ቀድሞ አስመዝግበው ነበር። በኋላ በር እያንኳኳ የሚሸጥ ልጅ መጥቶ “ርካሽ ነው” ብሎ ወደ ሌላ ድርጅት አስፈረማቸው፤ እዚያ ካርዱን የጠየቃቸው የለም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ሻጭ ፎቆቹን ያስጨንቅ ነበር፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያቆሙት በ2013 ነው።

በመንግሥቱ የአስተርጓሚ መስመር በ131 450 ደወልን፤ “አማርኛ” ብለን ጠበቅን። አስተርጓሚዋ ድርጅቱን አገናኘችን። የካርዱ ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ሙሉ ስም፤ ቡናው ሳይፈላ አለቀ። የሚቀጥለው ቢል ላይ ያቺ መስመር ነበረች። እትዬ መረቁኝና “በሰው አገር ያልጠየቀ ነው የሚከፍል” አሉ።

እነዚያን ፎቆች መንግሥት እስከ 2051 ሁሉንም አፍርሶ እንደሚሠራ በ2023 አስታውቋል፤ ቤት የሚቀይር ሁሉ መብራቱንም ጋዙንም እንደ አዲስ ያስገባል። ስለዚህ ሜልበርን ወላጅ ወይም አዲስ የመጣ ዘመድ ያላችሁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄዳችሁ ቢላቸውን ተቀብላችሁ እዩላቸው። የኮንሴሽኗ መስመር ከሌለች እዚያው ተቀምጣችሁ ደውሉላቸው።