ሃያ ሁለቱ ፊደላትና የአርባ ቀን ጽንስ

ዳዊት የደገመ ሁሉ 118ኛው መዝሙር ላይ ሲደርስ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚሉትን አርእስት ያገኛቸዋል። ቁጥራቸው 22 ነው። አብዛኞቻችን አንብበናቸው እናልፋለን። እኔም ሕክምና ለመማር ኤደን ከመምጣቴ በፊት፣ ዓለም የተፈጠረው በእነዚህ ፊደላት ነው የሚል ትምህርት በየመን አይሁድ ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ እንደ ኖረ አልሰማሁም ነበር።

እዚህ ክሬተር የሚባለው ሰፈር ቀድሞ ብዙ አይሁድ ይኖሩበት ነበር። በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በተነሣው ሁከት ከ70 የሚበልጡት ተገደሉ። በ1949 እና በ1950 ደግሞ ከመላው የመን ወደ ኤደን የጎረፉ ወደ 49,000 የሚጠጉ አይሁድ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። የኤደን ማኅበር የመጨረሻዎቹ ሰዎች በ1967 እንግሊዞች ሲለቁ ወጡ። ሕዝቡ ቢሄድም ትምህርቱ በመጻሕፍት ቆይቷል።

ከመጻሕፍቱ አንዱ «ሴፈር የጺራ» ይባላል፤ «የአፈጣጠር መጽሐፍ» ማለት ነው። እግዚአብሔር ዓለምን በ10 ቁጥሮችና በ22 ፊደላት፣ በድምሩ በ32 መንገዶች እንደ ፈጠረ ያስተምራል። ሦስቱን ፊደላት «እናቶች» ይላቸዋል። አሌፍ የነፋስ፣ ሜም የውሃ፣ ሺን የእሳት ነው፤ በሰው አካልም ነፋሱ ደረትን፣ ውሃው ሆድን፣ እሳቱ ራስን አስገኘ። አራቱን ባሕርያተ ሥጋ ከየኔታ ለሰማ ሰው ይህ አነጋገር ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። መጽሐፉ የፊደላቱን አደራደር ጭምር ያሰላል፤ ሦስት ፊደል በ6 ዓይነት፣ አራት በ24፣ አምስት በ120፣ ሰባት በ5,040 ዓይነት ይደረደራል። ከጥቂት ፊደል ስፍር ቁጥር የሌለው ፍጡር ይወጣል ማለት ነው።

የሕክምና ተማሪ ይህን ሲያነብ በ4 ፊደላት የሚጻፈውን ዲ.ኤን.ኤ. ማሰቡ አይቀርም። የሰው ክሮሞሶምም የጾታው ጥንድ ሲቀር 22 ጥንድ ነው። ነገር ግን ቁጥር ስለ ገጠመ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ የጥንቶቹ መምህራን ክሮሞሶም አላዩም። በሰንዓ የነበሩት ረቢ ይሕያ ቃፊሕ (1850–1931) ዞሃር የተባለውን የምሥጢር መጽሐፍ በብርቱ ስለ ተቃወሙ የየመን አይሁድ ለሁለት ተከፍለው ነበር። የልጅ ልጃቸው ረቢ ዮሴፍ ቃፊሕ ግን ሰዓድያ ጋኦን በ931 በዐረብኛ የጻፈውን የሴፈር የጺራ ትርጓሜ ወደ ዕብራይስጥ መልሰው በ1972 በኢየሩሳሌም አሳተሙ። አያትዬው መጽሐፍን መመርመር፣ የልጅ ልጃቸው መጽሐፍን መጠበቅ አስተምረውናል። ሁለቱም ያስፈልጉናል።

ለእኛም እንዲሁ ነው። ሙሉ ቃሉ በግዕዝ ብቻ የተረፈው መጽሐፈ ኩፋሌ በስድስቱ ቀናት 22 ፍጥረታት እንደ ተፈጠሩ፣ ከአዳም እስከ ያዕቆብም 22 አበው እንደ ነበሩ ይቆጥራል። አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ የሚለውም ይኸው መጽሐፍ ነው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ይህ ይጠቀሳል። በአይሁድ የሕግ መጽሐፍ በሚሽና ደግሞ ረቢ እስማኤል የወንድ ጽንስ በ41፣ የሴት በ81 ቀን ይሣላል ሲሉ፣ ሌሎቹ ሊቃውንት ሁለቱም በ41 ነው ብለው ተከራክረዋል። እስከ 40ኛው ቀን የወረደ ጽንስም እንደ ልጅ አይቆጠርም ይላል። ግሪካዊው አሪስጣጣሊስ ለወንድ 40፣ ለሴት 90 ብሎ ነበር።

ይህ ቁጥር አገር ቤት ድረስ ሄዶ ቤታችን ገብቷል። እኅቴን ባለፈው ዓመት ጽንሱ አርባ ሳይሞላው አስወረዳት። ስታለቅስ ያዩ ጎረቤቶች «አርባ ያልሞላው ሰው አይደለምና ተዪው» አሏት። «አንተ ሐኪም ልትሆን ነውና እውነት ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።

የተማርኩትን ነገርኋት። ልብ መምታት የሚጀምረው ከተፀነሰ በ22ኛው ቀን ገደማ ነው። በ40ኛው ቀን ጽንሱ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በእጁ መዳፍ ላይ የጣቶቹ መነሻ መታየት ይጀምራል፤ ወንድ ይሁን ሴት ግን በውጭ አካሉ አይለይም። በ39ኛውና በ40ኛው ቀን መካከል የሚከፈት በር የለም፤ ሥራው በየቀኑ ይቀጥላል። ነፍስ መቼ ትገባለች የሚለውን ማይክሮስኮፕ አይመልስም። አርባው ቀን ለሥርዓት ተቆጠረ እንጂ የእናትን ኀዘን እንዲመዝን አልተቆጠረም፤ ስለዚህ ማልቀስ ቢያምርሽ አልቅሺ አልኋት።

ውድ አንባብያን፣ ከመካከላችን ወደ አገራቸው ተመልሰው በየጤና ጣቢያው የሚሠሩ አሉ። ይህን ቁጥር ይዘው የሚመጡ እናቶች ይገጥሟቸዋል። ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ያወቀ ሐኪም እናትየዋንም አያቃልል፣ መጽሐፏንም አይንቅ፤ ኀዘኗንም ካርድ ላይ እንደሚጻፍ ቀን ቆጥሮ አይዘጋውም።